ውሃ የተኛበት መስክ

ጋሽ መስኩ ሌላ ስም አለው። እናቱ ያወጣችለት ስም በሠራተኞች መዝገብ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የሚጠራበት ሰው ግን የለም። ሚስቱ እንኳ በጣም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠቀምበት። እግራቸውን ያጡና የተጎዱ ሰዎች እንደገና መራመድ በሚማሩበት ማእከል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ የቀሩትን በመስኩ ላይ። የማጠቢያው እንፋሎት ደረቱን ሲያሳምመው ሐኪሙ «ይህ ሰው አየር ያስፈልገዋል» ብሎ ጻፈለት። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ግራ ቀኙን ቢያይ አየር ያለበት ሥራ አንድ ብቻ ነበር። አካፋና የውሃ ጎማ አስይዞ ከዋናው ሕንጻ ጀርባ ወዳለው ባዶ መሬት ላከው።

ያን ጊዜ ጋሽ መስኩ ስለ ሣር የሚያውቀው ነገር ቢኖር ከብት እንደሚበላው ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ገባው። ዘሩን በትኖ፣ አፈሩን አስተካክሎ፣ ርዝመቱ ዘጠና ስፋቱ አርባ እርምጃ የሆነ መስክ አበጀ። መሬቱ ከሕንጻው ወደ አጥሩ በጥቂቱ ያዘቀዝቃል፤ ከታችኛው ጫፍ ባሻገር የእግረኛ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ቀጥሎ ቦይ።

ሕሙማኑ ትምህርታቸውን የሚጀምሩት ውስጥ ነው፤ በሁለት የብረት መደገፊያዎች መካከል ቆመው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ይሸጋገራሉ። ኮሪደሩን ያሸነፈ መስክ ይወጣል። በማእከሉ ቋንቋ «መስክ ወጣ» ማለት ትልቅ ነገር ነው። ለቤተሰብ ይደወልለታል። ሣር ወጣ ገባ ስለሆነ እግር ማሰብን ይማራል፤ ቢወደቅበትም አይሰብርም። ጋሽ መስኩ ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ሣሩ ላይ ሲወድቅና ሲነሣ እንዳየ ቁጥሩን አያውቀውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ሣሩን ነው። ስለዚህ ሣሩ መልካም መሆን አለበት።

ካቻምና ክረምት መጨረሻ ላይ ግን ሣሩ መርጠብ ጀመረ። አምና ባሰበት። ዘንድሮ ጭራሽ ጨቀየ። ዝናቡ ካባራ ሦስትና አራት ቀን ቆይቶም ሲረገጥ ጭብ ጭብ ይላል፤ የምርኩዝ ጫፍ የነካው ቦታ ጉድጓድ ይሆንና ውሃ ያቁራል። የታችኛው ግማሽ ቢጫ ሆነ። በሣሩ ሥር አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር በቀለ፣ ትንኝም ገባ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ጫማውን ታይና «ዛሬም ግማሹን ግቢ ይዘኸው መጣህ? የቀረውን ነገ ልታመጣው ነው?» ትለዋለች። ይስቅ የነበረ ሰው መሳቁን ተወ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት በዚያው ጭቃ ላይ ተንሸራተተች። አራት ወር ለፍታ መስክ የወጣችው በዚያ ሳምንት ነበር። እግሯ ደህና ነው፤ የእጇ አንጓ ግን ወለም አለ። ያበጠ እጇን ይዛ ወደ ውስጥ ስትገባ ጋሽ መስኩ በሩን ከፈተላት። «አይዞህ ጋሼ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» አለችው። የተጎዳችው እሷ ሆና የምታጽናናው እሱን መሆኑ አንጀቱን በላው።

ከሰዓት በኋላ የማእከሉ ኃላፊ አስጠራው። ኃላፊው በዕድሜ ያንሰዋል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ነገር ማንዛዛት አይወድም።

«ጋሽ መስኩ፣ መስኩ ምን ሆኖ ነው?»

«እየፈለግኩ ነው አለቃ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?» ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ዛሬ እጅ ነው፤ ነገ ወገብ ቢሆንስ? ለማን ምን ብዬ እመልሳለሁ? የሲሚንቶ ንጣፍ ይደረግበት ተብሏል። እኔም ተስማምቻለሁ።»

«ንጣፍ? መስኩ ላይ?»

«ንጣፍ አይጨቀይማ።»

«አይጨቀይም አለቃ፤ የወደቀበትን ግን ይሰብራል።»

ኃላፊው ብዕሩን መልሶ አነሣ። ጭንቅ ላይ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። «እንግዲህ ንጣፍ ሠሪው የሚመጣው ሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ ነው። እስከዚያ መሬቱ ከደረቀ እሰየው። ካልደረቀ ግን እንዳይቀየሙኝ።»

ጋሽ መስኩ ከቢሮው ሲወጣ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ። አሥራ አንድ ቀን።

መጀመሪያ የጠረጠረው አሸንዳውን ነው። የሕንጻው ጣራ ሰፊ ነው፤ የአሸንዳው መውረጃ ሽቅብ ቢታይ መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ውሃውን በመስኩ አናት ላይ ይደፋል። መሰላል ተውሶ አያያዘው፤ መውረጃውንም ወደ ጎን አዙሮ ውሃው ከመስኩ ውጭ እንዲወርድ አደረገ። በማግስቱ ዘነበ። የላይኛው ጥግ ትንሽ ተሻለው፤ የታችኛው ግን እንደዚያው ረግረግ።

ቀጥሎ ከመሬት በታች የፈነዳ ቧንቧ ይኖራል ብሎ የቧንቧ ሠራተኛውን ለመነ። ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ አስዘግቶ ቆጣሪው ፊት ቁጢጥ አለ። የቆጣሪው መርፌ ንቅንቅ አላለም።

«የሚያፈስ ቧንቧ የለህም ጋሼ» አለው እጁን እየጠረገ። «አንተ ራስህ ግን በየጠዋቱ ጎማ ይዘህ ስታጠጣ አይቼሃለሁ። የሰመጠን ሰው ውሃ ጠጣ እንደማለት ነው።»

ጋሽ መስኩ አፈረ። እውነት ነው። ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ የጠዋቱ የሥራ ደወል ሲደወል እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ጎማው ይሄዳል። አሥራ ስድስት ዓመት የለመደ እጅ መሬቱን አይጠይቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎማውን ጠቅልሎ ሰቀለው። ጠዋት ጠዋት ጣቱን አፈሩ ውስጥ እየከተተ ያወጣል፤ አፈሩ ጣቱ ላይ ከተጣበቀ አያጠጣም።

ሦስተኛው ጥርጣሬው ሕሙማኑ የሚመላለሱበት መስመር ነበር። የሚደገፉት ተንቀሳቃሽ ብረት ለዓመታት ከአንድ ቦታ ስላልተነሣ፣ ሥሩ ያለው መሬት እንደ ወለል ጠንክሯል። ባለ አራት ጥርስ መንሹን ይዞ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ አንድ ጫማ እያራራቀ ይወጋው ጀመር። ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ወጋ። ቀዳዳዎቹን ሻካራ አሸዋ ሞላባቸው። መስመሩ ጥቂት ተነፈሰ። የታችኛው ጫፍ ላይ ግን የወጋቸው ቀዳዳዎች በሙሉ ውሃ ሞልተው እንደ ተደረደረ የሻይ ብርጭቆ ያዩታል።

ይህን አየና መንሹን አስቀመጠ። ከሥር ምንጭ ፈልቆ ይሆናል ብሎ አሰበ። ምንጭ ከሆነ አለቀ። ምንጭን ማን ያዘዋል?

አካፋውን አመጣና በታችኛው ጫፍ ቆፈረ። አንድ ስንዝር ጭቃ ነው። ሁለት ስንዝር ወፍራምና ርጥብ አፈር ነው። ሦስተኛው ስንዝር ላይ ሲደርስ አካፋው ድምፅ ለወጠ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ጨበጠ። ደረቅ ነው። በጣቶቹ መካከል ተፈርፍሮ ወረደ። ጋሽ መስኩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ቀረ። ላዩ ሐይቅ፣ ሥሩ ደረቅ። እንግዲህ ውሃው ከታች አልመጣም። ከላይ ነው የመጣው፤ መጥቶም መሄጃ አጥቷል። ግን ለምን?

«አንተ መስኩ! ና እስቲ!»

የጠራው ሁሉም «ሾፌሩ» የሚለው ሕመምተኛ ነው። ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣ በስኳር በሽታ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ፣ ምላሱ ግን ሙሉ የሆነ ሰው ነው። ሰው ሠራሽ እግሩን ገና እየለመደው ስለሆነ መስክ አልወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በመስኮት መስኩን ያያል። አሁን ደግሞ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቷል።

«ምን ፈለግክ? ሥራ ላይ ነኝ።»

«ጉድጓድ ቆፍሮ አፍጥጦ ማየት ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? የማን ቀብር ነው?»

«የኔ» አለ ጋሽ መስኩ ጭቃውን እያራገፈ።

«ተው እንጂ! እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዝናብ ሲዘንብ የት ነህ?»

«የት እሆናለሁ? ዕቃ ቤት ነዋ።»

«የዕቃ ቤቱ መስኮት ወዴት ያያል?»

«ወደ በሩ።»

«በቃ! ያንተን መስክ ስንት ዓመት አብረኸው ኖረህ ሲዘንብበት አይተኸው አታውቅም። እኔ አይቼዋለሁ። እግር አነሰኝ እንጂ ዓይን አላነሰኝም።» ሾፌሩ ሁለት እጁን እንደ መሪ ያዘ። «ውሃው ከዚህ ከላይ ይነሣል። ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል፤ ጥሩ መንገድ ነው፣ ፍሬን አያስይዝም። እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ኬላ ያገኘ መኪና ይመስል ይሰለፋል። ኋላ ያለው ይደርስበታል፣ ሌላው ይደርስበታል፣ ወደ ኋላ ይሞላል። ቦዩ ደሞ ከመንገዱ ወዲያ ባዶውን ተቀምጧል።»

«የምን ኬላ?»

«እኔ ምን አውቄ! ግቢው ያንተ ነው።»

ጋሽ መስኩ አካፋውን እንደያዘ ዘወር አለ። ጫፉን አየ። ሳያውቀው እጁ ወደ አፉ ሄደ።

በመስኩ ዙሪያ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የጡብ ጠርዝ አለ፤ በሲሚንቶ የተያያዘ፣ በኖራ የነጣ፣ ቀጥ ያለ። የሠራው ራሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የአንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ከሣሩ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተንሸራተተና ሽማግሌው ለጥቂት ተረፉ። ያን ጊዜ የመራመድ አሠልጣኟ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሣሩ የት እንደሚያልቅ ምርኩዛቸው የሚነግራቸው ነገር ብታደርግልን» ብላ ለመነችው። ምርኩዝ የሚያቆም ጠርዝ ሠራላት። እንዳይነቃነቅ ብሎ ሲሚንቶውን የጨመረው እሱ ነው። ክፍተት እንዳይታይ ብሎ መጋጠሚያውን በጣቱ የደፈነው እሱ ነው። ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ፎቶ አነሡት፤ ኃላፊው የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። በየዓመቱም ጥቁር አፈር እያመጣ በጠርዙ ውስጥ ደልድሎበታል፤ ውሃ ይዞ የማይለቀውን ወፍራሙን አፈር። ግድቡንም ሐይቁንም የሠራው በገዛ እጁ ነው።

ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ድምፅ አወጣ።

«አበደ!» አለ ሾፌሩ ከመስኮቱ። «ሲስተር፣ ድረሺ፣ መስኩ አብዷል!»

ጋሽ መስኩ አላበደም። ጥፋቱ የራሱ በመሆኑ እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ምንጭ ቢሆን ኖሮ ማንም አይደፍነውም ነበር። መሬቱ ቢሞት ኖሮ ማንም አያስነሣውም ነበር። ጡብ ግን ጡብ ነው። እጁ የሠራውን እጁ ያፈርሰዋል።

መዶሻና መሮ አምጥቶ ከታችኛው ጠርዝ አንዷን ጡብ ይነቅል ጀመር። ሲሚንቶው እልኸኛ ነበር፤ ያኔ ለምን እንደዚያ አጥብቆ እንደሠራው ራሱን ረገመ። ጡቧ ስትወጣ ውሃው መጀመሪያ እንባ አክሎ ተንጠባጠበ፤ ከዚያ መንገዱን ያገኘ ሰው ሆኖ ወጣ። መንገዱን አቋርጦ ቦዩ ውስጥ ገባ። የሦስት ዓመት ውሃ ይመስል ከአንድ ሰዓት በላይ ፈሰሰ። ሾፌሩ ከመስኮቱ ሆኖ «እለፍ! እለፍ! ቀጣይ!» እያለ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ያወዛውዛል።

ሲስተር ሮጣ መጣች። ውሃውን አየች፣ የተነቀለችውን ጡብ አየች። «ጋሼ፣ ሁሉንም ልትነቅለው ነው እንዴ? ምርኩዛቸውስ?»

«እሱን ነው የማስበው ልጄ።»

ሁለቱ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው መከሩ። ጠርዙ ይቆይ፤ ግን በታችኛው በኩል በየአራት እርምጃው አንዳንድ ጡብ ይውጣ። ሲስተር በተከፈተው ቦታ ላይ ምርኩዝ አስገብታ ሞከረችው፤ ሰመጠባት። «ይኼ ደግሞ ይጥላቸዋል» አለች። ጋሽ መስኩ አሰበና ክፍተቶቹን እስከ አፋቸው በጠጠር ሞላቸው። እንደገና ሞከረችው። ምርኩዙ ጠጠሩ ላይ ቆመ፤ ውሃው በጠጠሩ መካከል ሹልክ ብሎ አለፈ።

የቀሩትን ቀናት ሠራ። ከጠርዙ በስተውስጥ፣ በርዝመቱ ሁሉ፣ ሁለት ስንዝር የጠለቀ ጠባብ ቦይ ቆፍሮ ጠጠር ሞላበት፤ ላዩን አሸዋ አለበሰው። ጥቁሩን አፈር ከወፈረበት ቦታ ላይ እየገፈፈ በጋሪ አወጣና ለአበባ መደቦቹ ሰጠ። የጎደጎዱትን ቦታዎች በአሸዋማ አፈር ደለደለ። ርጥብ ሣር ሲረገጥ ይበልጥ ስለሚጠነክር ገመድ ወጥሮ ማንም እንዳይገባ ከለከለ፤ ራሱም ሲሠራ ሳንቃ ላይ እየቆመ ነው። የመደገፊያውን ብረት ከድሮው መስመር አንሥቶ አዛወረው፤ ከእንግዲህ በየሳምንቱ ቦታ እንደሚቀያየር ከሲስተር ጋር ተስማሙ። ሣሩንም ለጉብኝት እንዲያምር ብሎ ከሥሩ መላጨቱን ተወ።

ሚስቱ ምሳውን ስትቋጥርለት ታየዋለች። «ምነው ፈካህ? ደረቀ?»

«ገና ነው። ግን ማን እንዳረጠበው አውቄያለሁ።»

«ማን ነው?»

«ባልሽ።»

«እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለችና መቀሷን አነሣች።

ቅዳሜ ጠዋት ኃላፊው ከንጣፍ ሠሪው ጋር መጣ፤ ሰኞ ሥራ እንዲጀመር ልኬት ሊወስዱ። ንጣፍ ሠሪው ሜትሩን ገና ሲዘረጋ ሰማዩ ጠቆረ፤ ወዲያው ዶፍ ወረደ። እነሱም ጋሽ መስኩም ወደ በረንዳው ሮጡ። ጋሽ መስኩ ከዕቃ ቤቱ ፈንታ እዚያ ቆመና መስኩን ሲዘንብበት ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ውሃው ሾፌሩ እንዳለው ከላይ ተነሥቶ ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ፤ ጠርዙ ጋ ደረሰ፤ ትንሽ ተጠራቀመ። ጋሽ መስኩ ወደ በረንዳው ዳር ጠጋ አለ። ከዚያ በየክፍተቱ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ፣ ውሃው በጠጠሩ መሐል ተሽሎክልኮ መንገዱን አቋርጦ ቦዩ ውስጥ ተንዶለዶለ።

«አለቃ» አለ ጋሽ መስኩ፣ ድምፁ ከዝናቡ በላይ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃውን ዘግቼ የያዝኩት እኔ ነኝ። ያ ጠርዝ ነበር።»

ኃላፊው ጠርዙን አየ፣ እሱን አየ። «የትኛው ጠርዝ? ያ የምስጋና ደብዳቤ የጻፍኩበት?»

«እሱው።»

«ታዲያ እኔም አለሁበታ!» አለ ኃላፊው፤ ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አቃተው። ንጣፍ ሠሪው ሜትሩን እየጠቀለለ «እንግዲህ እኔ ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አለ።

«ሰኞ ላይ እንወስናለን» አለው ኃላፊው።

እሑድ ፀሐይ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ጥቁር የቆዳ ጫማውን እንዳደረገ ገመዱን አልፎ መስኩ ውስጥ ገባ። ወደ ታችኛው ጫፍ ሄደ፤ መሬቱን በጫማው ተረከዝ ጫን ጫን አደረገው። እግሩን አንሥቶ ከሥሩ አየው። ጋሽ መስኩ ዳር ቆሞ ዓይኑን ከዚያ ጫማ ላይ መንቀል አቃተው።

«ለስላሳ ነው» አለ ኃላፊው። «ግን ውሃ የለውም።» ተመልሶ መጣ። «ንጣፉ መኪና ማቆሚያው ላይ ይሁን። እዚያም ጭቃ ነው። ይኼን አትንኩት እላቸዋለሁ።»

ጋሽ መስኩ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ገመዱን መልሶ ወጠረ። ኃላፊው ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ ገመዱ ተነሣ። ቀድሞ መስክ የወጣው ሾፌሩ ነው፤ ኮሪደሩን በዚያው ሳምንት አሸንፎ ነበር። በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በሌላው የሲስተርን ክንድ ይዞ ሣሩን ረገጠ። አምስት እርምጃ ሄደ። «ልቀቂኝ» አላት። ለቀቀችው። ሦስት እርምጃ ደገመ፤ በአራተኛው አዲሱ እግሩ ከዳው፤ በጎኑ ዘፍ አለ።

ሁሉም ቀጥ አሉ። ጋሽ መስኩ መንሹን ጥሎ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ሾፌሩ በጀርባው ተገለበጠ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ልኮ የሱሪውን መቀመጫ ዳበሰ።

«ደረቅ ነው!» ብሎ ጮኸ። «መስኩ፣ ስማ! ደረቅ ነው!»

«ሰምቻለሁ! ተነሣ አሁን፣ መንገድ ዘጋህ!» አለው ጋሽ መስኩ።

ሲስተር ጎኑ ተንበርክካ ጉልበቱን ከየት እንደሚያስቀድም ታሳየው ጀመር። በመስኮቶቹ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ያጨበጭባሉ። ጋሽ መስኩ የወደቀውን መንሽ አነሣ። ሆዱ ሲጮህ ሰማው፤ እንዲህ ከራበው ስንት ጊዜው እንደሆነ ሊያስታውስ አልቻለም። የምሳው ሰዓት ገና ነው። ሚስቱ የቋጠረችለትን ፈትቶ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጦ በላ።